የዝሆኔ በሽታ፦ የዘር ዕጣ ወይስ የጫማ ዕጦት?

በአዘዞም ሆነ በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ለሚሠራ የጤና ባለሙያ የእግር እብጠት ያለበት ታካሚ ቤተሰብ «በዘራችን አለ ማለት ነው?» የሚል ጥያቄ ሊያቀርብለት ይችላል። መልሱ ጋብቻን ሊያስቀር ወይም ሊያጸና ስለሚችል ጥንቃቄን ይሻል።

ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የዝሆኔ ዓይነት በትንኝ ንክሻ አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። መንስኤው ከእሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ነው። የአፈሩ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ በኩል ዘልቀው የሊምፍ ቱቦዎችን ስለሚጎዱ እግር ቀስ በቀስ ያብጣል።

ይሁንና በዚያው አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ከሚውሉት ሰዎች የሚታመሙት ሁሉም አይደሉም። በወላይታ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የሰውነትን የመከላከል ምላሽ ከሚመሩት የኤች ኤል ኤ ዘረ-መሎች መካከል አንዳንዶቹ ተጋላጭነትን እንደሚጨምሩ አሳይቷል።

ግኝቱ «የተበከለ ዘር» ለሚለው አባባል ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ በሽታው አይደለምና። ያንኑ ዘረ-መል የወረሱ ሁለት ሕፃናት ቢኖሩ፣ ጫማ ያለው ጤነኛ ሆኖ ሲያድግ ጫማ የሌለው ሊታመም ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የደም ሳይሆን የኑሮ ነው።

ስለሆነም ባለሙያው የቤተሰብ ታሪክ ሲጠይቅ ዓላማው ቤተሰቡን ለመፈረጅ ሳይሆን፣ ልጆቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እንዲጫሙና እግራቸውን በውኃና በሳሙና እንዲታጠቡ ለመምከር መሆን ይኖርበታል። ለታማሚውም የዘወትር እጥበት፣ የቆዳ ቅባት፣ የፋሻ ማሰሪያና ጫማ እብጠቱን እንደሚቀንሱለት በዘመዶቹ ፊት ማስረዳት ከሕክምናው የማይለይ ተግባር ነው።