የአንቴናዎች ጉርብትና

ዲሽ በየቤቱ ከመተከሉ አስቀድሞ በየከተማው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረጅም እንጨት ጫፍ ታስሮ ይታይ የነበረውን የቴሌቪዥን አንቴና ቀረብ ብሎ የመረመረ ሰው፣ ዘንጎቹ ብዙ ሲሆኑ ወደ ቤት የሚወርደው ገመድ ግን ታጥፎ ከተሠራው ከአንዱ ዘንግ ጋር ብቻ መያያዙን ሳያስተውል አይቀርም። የቀሩት ዘንጎች ለጌጥ የቆሙ አይደሉም፤ የመጣውን ሞገድ እየተቀበሉ መልሰው በመርጨት፣ ከኋላ ያለው ረዘም ያለው እያንጸባረቀ፣ ከፊት ያሉት አጠር አጠር ያሉት እየመሩ፣ ኃይሉን ወደ ታጠፈው ዘንግ ያቀኑታል። ጃፓናውያኑ ሊቃውንት ኡዳና ያጊ እ.ኤ.አ. በ1926 ለዓለም የገለጡት ይህ ጥበብ የቆመው፣ ተቀራርበው ያሉ አንቴናዎች ሳይነካኩ አንዱ በሌላው ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት በማስነሣታቸው ላይ ነው።

ይኸው ጠባይ በእጅ ስልክ ውስጥ ሲገኝ ግን ረዳትነቱ ቀርቶ ባላጋራ ይሆናል። ቴላታርና ፎስኪኒ የተባሉ የቤል ላቦራቶሪ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በሒሳብ እንዳስረዱት፣ ላኪውም ተቀባዩም ብዙ አንቴና ቢኖራቸው፣ ተጨማሪ ፍሪኩዌንሲ ሳያስፈልግ ልዩ ልዩ መልእክት በአንድ ጊዜ ማመላለስ ይቻላል፤ በ2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው አራተኛው ትውልድ ኔትወርክም ከዚሁ ሐሳብ የተጠቀመ ነው። ነገሩ የሚሠምረው ግን እያንዳንዱ አንቴና የየራሱን ሲሰማ ነው እንጂ፣ በአብነት ትምህርት ቤት ተጠጋግተው ጮኸው የሚቀጽሉ ተማሪዎች የአንዱ ቃል በሌላው አንደበት እንደሚገባ፣ የጎረቤቱን የሚደግም ከሆነ ሁለትነቱ ከንቱ ይሆናል።

መሐንዲሶች አንቴናዎቹን በግማሽ የሞገድ ርዝመት ማራራቅን ይመርጣሉ፤ ነገር ግን በ900 ሜጋኸርዝ ይህ ርቀት ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስ ከብዙው ስልክ ቁመት ይበልጣል። በዚህ ላይ ሁለቱም የሚጋሩት አንድ የመዳብ ገበታ ነውና የአንዱ ጅረት በዚያ ላይ ተጉዞ ከሌላው ይደርሳል። በመካከላቸው ያለው መለያየት 10 ዲሲቤል ብቻ ቢሆን፣ ከተላከው ኃይል አንድ አሥረኛው ወደ አየር መውጣቱ ቀርቶ በጎረቤቱ ይዋጣል፤ 20 ዲሲቤል ሲደርስ ግን የሚባክነው አንድ መቶኛው ብቻ ነው።

መድኃኒቱ ልዩ ልዩ ነው፤ ከገበታው ላይ ቀጭን ስንጥቅ የሚያወጡ አሉ፣ በመካከል ገመድ የሌለው ሌላ ዘንግ የሚያቆሙም አሉ። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን፣ አንቴናዎቹን ለመለየት ተብሎ በቀጭን የመዳብ መስመር እርስ በርስ ማገናኘት መቻሉ ነው! የመስመሩ ርዝመትና የሚገጠምበት ቦታ እጅግ ተጠንቅቆ ስለሚለካ፣ በእርሱ በኩል የሚያልፈው ጅረት በአየርና በገበታው በኩል ከሚመጣው ጋር በመጠን እኩል፣ በምልክት ተቃራኒ ሆኖ ይደርሳል፤ ሁለቱም ሲገናኙ ይጣፋሉ። ጉድለቱ ይህ እኩልነት የሚጸናው በጠባብ የፍሪኩዌንሲ ክልል ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው፤ ስልኩን የያዘው እጅም ልኩን ስለሚያዛባው፣ አምራቾች በሰው እጅ አምሳል በተሠራ እጅ አስይዘው ይፈትኑታል።

በስልክ ኔትወርክ ማማ ላይ ያለው ዘዴ ከዚህ ይቀላል። በዚያ በተሰቀለው ረጅም ሣጥን ውስጥ አንቴናዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ፣ አንዱ 45 ዲግሪ ወደ ግራ ዘንበል ብለው በአንድ ስፍራ ይጠላለፋሉ፤ የሞገዳቸው ዝንባሌ እርስ በርሱ ቀጥ ያለ ማዕዘን ስለሚሠራም፣ ይህን ያህል ተቀራርበው እንኳ የአንዱ ጅረት በሌላው ላይ እምብዛም አያይልም። በጭላሎ ተራራ ግርጌ እንዳለችው እንደ አሰላ ባለ ከተማ ሞገዱ ከሕንፃና ከተዳፋት እየተላተመ በብዙ መንገድ ስለሚደርስ አንቴናን ማራራቅ ይጠቅማል፤ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ከተማ በሆነችው በኦጎልቾ ዙሪያ እንዳለው ባለ ሜዳ ላይ ግን፣ ማማው ፊት ለፊት በሚታይበት ስፍራ፣ በቀጥታ የሚመጣው ሞገድ ሌላውን ሁሉ ስለሚበልጥ፣ ተራርቀው ብቻ የቆሙ ሁለት አንቴናዎች የሚሰሙት ያንኑ አንዱን ነው። ሁለት መልእክት እንዲያልፍ የሚያደርገው በዚያ ጊዜ የዝንባሌው ልዩነት ሲሆን፣ ከሣጥኑ ግርጌ የሚወጡት ገመዶች ጥንድ ጥንድ የሆኑትም ለእያንዳንዱ ዝንባሌ የራሱ ገመድ ስለሚያስፈልገው ነው።