የአሥራ አምስት ሰከንድ ቅዠት

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል በነበረው በመስቀል አደባባይ ቆመው፣ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች በሕዝብ ፊት ከሰከሱ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ቀይ ሽብር ያ ትውልድ ያውቀዋል። ዛሬ የዚያ ንግግር ቅጂ በቲክቶክ በሌላ መልክ ይዞራል። ጠርሙሱ ወደ ላይ ሲነሣ ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ድምፁ ይጠፋል፤ ወዲያው ፎንክ የሚሉት ቤዙ የከበደ ሙዚቃ ይፈነዳል። ጠርሙሱ ሲሰበር ስክሪኑ በነጭ ብርሃን ይጥለቀለቃል፤ የተናጋሪው ፊት በምቱ ልክ እየቀረበና እየራቀ ይንቀጠቀጣል። አሥራ አምስት ሰከንድ ሲሞላ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

ወጣቶቹ ይህን ሥራ በአጭሩ "ኤዲት" ይሉታል፤ የሚያስቅ ከሆነ ደግሞ "ሚም"። መልኩ ብዙ ነው። አንዱ የድሮ ዜና ፊልም ይቆርጣል፣ ሌላው የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ፣ ሌላው የሠርግ ቪዲዮ። የሚያመሳስላቸው ታሪክ አለመንገራቸው ነው። አብረው የማይሄዱ ነገሮችን ወስደው ያላትማሉ፤ ተመልካቹ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ብሎ ሳይጨርስ ያልቃል። ያላየው ሰው እብደት ይመስለዋል። እየሣቀ ሦስት ጊዜ ያየው ሰው ግን ከበስተጀርባው የተቆጠረ፣ የተለካና የተደከመበት ሥራ እንዳለ ይገባዋል።

መነሻው ሩቅ ነው። ዩቲዩብ ከመፈጠሩ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ሱፐር ዮሺ በሚል ስም የሚታወቅ አንድ ወጣት የሱፐር ማሪዮ ካርቱንን ቆራርጦና ንግግሩን አዛብቶ ኢንተርኔት ላይ አወጣ። እሱን ተከትለው የመጡት ሥራዎች "ዩቲዩብ ፑፕ" ተባሉ። ከዚያ ቫይን መጣ፤ ስድስት ሰከንድ ብቻ የሚፈቅደው ይህ መተግበሪያ ለቀልድ ፍጥነት አስተማረ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 አሌክሲ ጌራሲሞቭ የተባለ አኒሜተር ከመጸዳጃ ሳሕን ውስጥ ብቅ ብሎ የሚዘፍን ጭንቅላት በ11 ሰከንድ ቪዲዮ ለቀቀ፤ "ስኪቢዲ ቶይሌት" የዓለምን ሕፃናት ያስለፈለፈው ከዚያ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ደግሞ "የጣሊያን ብሬንሮት" ተራውን ያዘ፦ ሦስት እግር ያለውና ስኒከር የተጫማ ሻርክ፣ ራሷ የካፑቺኖ ስኒ የሆነ ባለሪና፣ በትር የያዘ የእንጨት ፍጡር። ሁሉንም የሣላቸው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ አዲስ አበባዎች በአፋቸው "ኤአይ" የሚሉት።

ትርጉም የሌለው ነገር ለምን ይስባል? መልሱን ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ሩሲያዊ የፊልም መምህር ፈልጎት ነበር። ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድን ተዋናይ ስሜት የማይታይበት ፊት ወስዶ፣ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳሕን፣ ሌላ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን፣ ሌላ ጊዜ ከሴት ምስል ጋር ቀጠለው። ፊቱ ያው ነው፤ ተመልካቹ ግን በመጀመሪያው ረሃብ፣ በሁለተኛው ሐዘን፣ በሦስተኛው ፍላጎት አየበት። ሁለት ምስል ጎን ለጎን ሲቀመጥ ሦስተኛውን ነገር የሚሠራው የተመልካቹ አእምሮ ነው። የዛሬው ኤዲተር የኩሌሾቭን ስም ላይሰማ ይችላል፤ የሚሠራበት ግን በዚያው ሕግ ነው። ልዩነቱ አእምሮ ሊያገጣጥማቸው የማይችላቸውን ምስሎች ሆን ብሎ መምረጡ ነው። ሣቁ የሚመጣው ከዚያ ትግል ነው።

ለአዲስ አበባም ቅዠትን በኪነ ጥበብ መልክ ማየት እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ፓሪስ ላይ አንድሬ ብሬቶን የሱሪያሊዝምን መግለጫ ሲያወጣ፣ ሕልምና እውን የሚቀላቀሉበትን ኪነ ጥበብ ነበር የሰበከው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ፓሪስ ውስጥ ከዚያ መንፈስ ጋር ተገናኝቶ፣ ከአገሩ የጠልሰም ጥቅልሎች ጋር አዋሕዶ የሠራቸው ሥዕሎች እስከ ዛሬ ሰውን ያቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 ተመልሶ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። የቲክቶክን ኤዲት ከእስክንድር ሸራ ጋር ማስተካከል ልክ አይሆንም። ነገር ግን "እንዲህ ያለው እብደት ከውጭ የመጣ ነው፣ የእኛ ጠባይ አይደለም" የሚለው ወቀሳም ውኃ አይቋጥርም።

ታዲያ እዚህ አገር ለምን አሁን? አንዱ ምክንያት ዋጋ ነው። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ ቀነሰ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ ጀመረና ደንበኛው አማራጭ አገኘ። ስልኩም ቀርቦ ነበር፤ ቴክኖ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እዚሁ አገር ይገጣጠማል። የቀረው መሣሪያው ነው። እሱም ካፕካት ሆኖ መጣ፤ የቲክቶክ ባለቤት ባይትዳንስ ያወጣው ይህ መተግበሪያ፣ ቀድሞ ውድ ኮምፒውተርና ወራት የሚፈጅ ሥልጠና ይጠይቅ የነበረውን ሥራ በአንድ አውራ ጣት የሚሠራ አደረገው። የካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም ተገድበው አምስት ወር ሲቆዩ እንኳ ወጣቱ በቪፒኤን እየገባ ያይ ነበር።

ሌላው ምክንያት ጆሮ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር የቱርክ ድራማ ተዋናዮች በአማርኛ መቆጣትና ማልቀስ ጀመሩ። የአገር ውስጥ የፊልም ባለሙያዎች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ሥጋታቸውም መሠረት ነበረው። ልጆቹ ግን ከዚያ አንድ ነገር ተማሩ፦ አፍና ድምፅ ሊለያዩ እንደሚችሉ። ከዚያም በፊት በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት የሚታየው ትርጉም ፊልም ነበር፤ አንድ ተራኪ የሆሊውድ ተዋናይን በአራዳ ቋንቋ ያናግረዋል፣ መሐል ገብቶ ይቀልድበታል፣ ይተርበዋል። ዛሬ የዓለም መሪዎችን በአማርኛ የሚያጨቃጭቀው የቲክቶክ ቀልድ የዚያ ተራኪ ልጅ ነው።

ሥራው እንዴት ነው የሚሠራው? እንበል መገናኛ ላይ አንድ የታክሲ ረዳት ከበሩ ተንጠልጥሎ "ቦሌ፣ ቦሌ፣ ቦሌ!" ሲል የተቀረጸ ሁለት ሰከንድ አለ። ስልክ በሰከንድ 30 ምስል ይቀርጻል፤ ስለዚህ ኤዲተሩ እጅ ላይ ያሉት 60 ምስሎች ናቸው። መጀመሪያ በካፕካት ከጀርባው ያለውን አስፋልትና ሕዝብ ያጠፋና ረዳቱን ብቻ ያስቀራል። ቀጥሎ "ቦ" እና "ሌ"ን ለየብቻ ቆርጦ፣ ድምፃቸውን አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ አድርጎ ዜማ ያወጣላቸዋል። ሁለት ሰከንድ ጩኸት ዘፈን ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ረዳቱን ከአውሮፕላን በር ላይ ይሰቅለዋል፤ በየምቱ ፊቱን የሚያቀርብና የሚያርቅ ነጥብ ይተክላል፤ ነጥቡን ኪፍሬም ይሉታል። መጨረሻ ላይ ድንገት ሁሉ ጸጥ ይልና ረዳቱ በተራ ድምፁ አንድ ጊዜ "ቦሌ" ይላል። ተመልካቹን የሚጥለው ያ ነው።

ከባዱ ጸጥታው ነው። ከምቱ ሁለት ምስል ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የተቆረጠ ኤዲት፣ ዐይን ለይቶ ባያውቀውም፣ ሣቅ አያመጣም። ይህን የሚያውቅ ልጅ ሞንታዥ የሚባለውን ምስል የማገጣጠም ጥበብ ያውቃል። ሆኖም ቲክቶክ ለቪዲዮ ዕይታ ብዛት የሚከፍልበት ፕሮግራም ኢትዮጵያን ስለማይጨምር፣ ሚሊዮን ሰው ያየው ሥራ ለሠሪው በቀጥታ አምስት ሳንቲም ላያመጣለት ይችላል፤ ከመተግበሪያው የሚገኘው ገቢ በአብዛኛው የላይቭ ስጦታ ነው። ችሎታው የሚሸጠው ሌላ ቦታ ነው፦ በሠርግ ቪዲዮ፣ በሙዚቃ ክሊፕ፣ በቦሌና በሃያ ሁለት ሱቆች ማስታወቂያ። ከገርጂ እስከ ሰሚትና አያት በኮንዶሚኒየም ክፍል ውስጥ ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ልጁን "ጊዜህን አታባክን" የሚል ወላጅ፣ አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ "እስቲ አሳየኝ" ቢለው መልካም ነው።

የሚም ሕይወት አንዱ የጀመረውን ሌላው መቀጠሉ ነው። አዝማሪ ቤት ታዳሚው "ተቀበል" ብሎ ግጥም እንደሚያቀብለው፣ አዝማሪውም አጣፍጦ ለቤቱ እንደሚመልሰው፣ አንዱ የለቀቀውን ድምፅ ሌላው ወስዶ የራሱን ምስል ያለብሰዋል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ በሦስተኛው ቀን አይታወቅም። ውበቱም ጣጣውም ከዚህ ይመነጫል።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. ጉግል ቪኦ 3 የተባለውን የኤአይ መሣሪያ ሲያወጣ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ይህ መሣሪያ በጽሑፍ የተነገረውን ወስዶ ስምንት ሰከንድ ርዝመት ያለው ቪዲዮ ከነድምፁ ይሠራል። ብዙም ሳይቆይ አማርኛ የሚናገሩ፣ በሕይወት ኖረው የማያውቁ ሰዎች በኢትዮጵያውያን ገጾች ላይ መታየት ጀመሩ። መቁረጥ የለም፣ ከምት ጋር መታገል የለም፤ መጻፍ ብቻ ነው። ሻርክ ስኒከር ሲጫማ ማንም አይሳሳትም። አንዲት እናት በነጠላ ሆነው ለጋዜጠኛ ሲመልሱ ግን ብዙ ሰው እውነት ነው ብሎ ያጋራል። ቲክቶክ እውነት መሳይ የኤአይ ቪዲዮ ምልክት እንዲደረግበት እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ያዝዛል፤ ቪዲዮው ወደ ቴሌግራም ሲሻገር ግን ምልክቱ አብሮት ላይሄድ ይችላል።

ጉዳቱን ከሁሉ በላይ የሚሸከመው ስም የሌለው ሰው ነው። በቦሌ መድኃኔ ዓለምና በኤድና ሞል ዙሪያ ማይክ የያዙ ወጣቶች አላፊ አግዳሚውን ሲጠይቁ ማየት የተለመደ ነው። አንዲት ልጅ ከሥራ ስትወጣ ትቆምና ደንግጣ አንድ ያልተስተካከለ ዓረፍተ ነገር ትመልሳለች። ያ ዓረፍተ ነገር ተቆርጦ፣ ተደጋግሞ፣ ፊቷ ተለጥጦ ሰፈሯ ድረስ ቀድሟት ሊገባ ይችላል። ባለሥልጣንና ዝነኛ መድረክ አለው፤ መልስ ይሰጣል። እሷ የላትም።

ሕጉ ግን አለ፤ የቆየ ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ለታወቁ ሰዎች፣ ለሹማምንትና በአደባባይ ለተፈጸሙ ጉዳዮች ክፍተት ይተዋል፤ ይህም ለቀልድና ለትችት ተገቢ ቦታ ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የሚሠራጭን ጥፋት ከፍ ባለ ቅጣት ይመለከተዋል፤ በሌላ በኩል በጥላቻ ንግግር ረገድ ለኪነ ጥበብ ሥራ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል። ሕግ አውጪው ቀልድን ከነነፍሱ ለመቅበር አልፈለገም። ሕጉን የሚያስፈጽሙትም ይህንን ልብ ሊሉት ይገባል፤ ያልገባን ቀልድ ሁሉ ወንጀል አይደለም።

ወደ ጠርሙሶቹ እንመለስ። በመስቀል አደባባይ ጥግ፣ የቦሌ መንገድ ከሚጀምርበት አጠገብ፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። በውስጡ ከጅምላ መቃብር የወጡ አጥንቶችና የሟቾች ፎቶግራፎች ይታያሉ። ያንን ንግግር በፎንክ አስጊጦ ጀግና የሚያስመስል ኤዲት፣ ቁርጡ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ መጥፎ ሥራ ነው። በድንቁርና ተሠርቶም ሊሆን ይችላል፤ ያም ሆኖ መጥፎ ነው። እውነተኛው ኤዲተር የሚያላትማቸው ነገሮች ምን እንደሆኑ ያውቃል።

ስለዚህ ቦሌም፣ ሲኤምሲም፣ ጎሮም ሆናችሁ ለምትሠሩ ልጆች አንድ ልመና አለ። መሪውን፣ ዘፋኙን፣ የቴሌቪዥኑን እንግዳ፣ ራሳችሁንም ቁረጡ፣ አስዘፍኑ፣ ጠፈር ላይ ስቀሉ። መንገድ ላይ የቆመችውን ልጅ፣ ጉልት የተቀመጡትን እናት፣ የታክሲ ረዳቱንም ጭምር ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ካሉም ተዉአቸው። ኤአይ የሠራውንም "ኤአይ ነው" ብላችሁ በቪዲዮው ላይ፣ በአማርኛ፣ በትልቁ ጻፉበት።