ቦይለር ሲቀየር «መብራት የለም» ዋስትና አይሆንም

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ እኔም ይህችን ጽሑፍ የማቀርበው አደጋው ለጥቂት ካመለጠን በኋላ ነው። ቢሆንም ለሌላው ይጠቅም ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ባለፈው ክረምት አክስቴ ቤት አሮጌውን ቦይለር የሚቀይር ሠራተኛ ተጠርቶ መጣ። ቦይለሩ ከሥሩ ያንጠባጥባል፤ ቧንቧውን ሲነኩት ደግሞ ይነዝራል። አክስቴ ይህን ለምዳው በነጠላ ጫማ ነበር የምትታጠበው። ሠራተኛው ሲደርስ መብራት ጠፍቶ ነበር። «እንዲያውም ጥሩ ነው፣ ሳይመጣ ቶሎ እንጨርስ» አለና መሰላል ላይ ወጣ። እኔ በሞባይሌ አበራለታለሁ። ክዳኑን ከፈተ፣ ገመዶቹን ፈታ። ፒንሳ ላቀብለው ጎንበስ ስል የመታጠቢያ ቤቱ አምፖል ቦግ አለ። የተንጠለጠሉት የገመድ ጫፎች ከፊቱ አንድ ስንዝር አይርቁም። ሰውየው እጁን ሰብስቦ ደርቆ ቀረ።

«ጋሼ፣ ብሬከሩን አላጠፋነውም እንዴ?» አልኩት። ጋዜጠኝነት የምማር፣ ሥራዬ መጠየቅ የሆነ ልጅ ዋናውን ጥያቄ ያነሣሁት ከረፈደ በኋላ ነበር።

ታዲያ ቢነካው ብሬከሩ ራሱ ወርዶ ያድነው አልነበረም ወይ? ኤሌክትሪክ የሚያጠና ጓደኛዬን ይህንኑ ብጠይቀው በቁጥር አስረዳኝ። የቤታችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። 1500 ዋት የሆነ ቦይለር 7 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ 16 አምፔር የሚችል ብሬከር ቢገባለት ሥራውን ሳይቋረጥ ይሠራል። የሰው ጡንቻ ግን ከ10 ሚሊአምፔር ጀምሮ ተጨማድዶ የያዘውን መልቀቅ ሊያቅተው ይችላል። ከ30 ሚሊአምፔር በላይ ሲሆን ልብን ሊያዛባ ይችላል። 30 ሚሊአምፔር ማለት 0.03 አምፔር ነው፤ ይህን ተራ ብሬከር ከቁም ነገር አይቆጥረውም። እሱ የተሠራው ገመድ እንዳይቃጠል ነው። ለሰው የሚደርሰው በ30 ሚሊአምፔር ልዩነት የሚቆርጠው ሌላ ዓይነት ብሬከርና በደንብ የተቀበረ ኧርዝ ነው። እርጥብ ቆዳ ደግሞ ኤሌክትሪክን ይበልጥ ያሳልፋል፤ ቦይለር ያለው ደግሞ መታጠቢያ ቤት ነው!

በበሩ አጠገብ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ አጥፍቶ መጀመርም አያዋጣም። አንዳንዱ አንድ ገመድ ብቻ ነው የሚቆርጠው። ሲዘረጋ ተሳስተው ኒውትራሉን አስገብተውበት ከሆነ ቦይለሩ ይጠፋል፣ ፌዙ ግን እዚያው ይጠብቃል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል፦

1. መብራት ኖረም አልኖረም የቦይለሩን ብሬከር ማውረድ፤ የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ዋናውን። ማንም መልሶ እንዳያነሣው አጠገቡ ሰው ማቆም።

2. ቴስተሩን አስቀድሞ በሚሠራ ሶኬት ላይ መሞከር፣ ብሬከሩ ከወረደ በኋላ ሁሉንም ገመድ መፈተሽ። መብራት በጠፋበት ሰዓት ቴስተር አለመብራቱ ምንም አያረጋግጥም፤ እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

3. በአዲሱ ላይ አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለውን የኧርዝ ገመድ ማሰር። ቤቱ ኧርዝ ከሌለው እስኪዘረጋ ድረስ ቦይለሩን አለማብራት።

4. ከሙቅ ውኃው ቧንቧ ውኃ እስኪፈስ ድረስ ታንከሩን ሞልቶ ማብራት። ባዶውን ከበራ ኤለመንቱ ይቃጠላል።

በአክስቴ ቤት የኧርዙ ገመድ ከግድግዳው ወጥቶ፣ ከማንም ጋር ሳይታሰር ተጣጥፎ ተገኘ። ለካ ያ ሁሉ ጊዜ ትነዘር የነበረው በዚህ ነው! አሁን ታስሯል፤ ቧንቧውም አይነዝርም። እሷ ግን ነጠላ ጫማዋን እስከ ዛሬ አላወለቀችም። እኔም አልፈርድባትም።

አንባቢያን ሆይ፣ ቤታችሁ ቦይለር ሲቀየር መሰላል ይዛችሁ ከመቆማችሁ በፊት «ብሬከሩ ወርዷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሠራተኛው ቢቆጣም ይቆጣ።