አንድ ሰው፤ አንድ ስም

ሥራ የሚያስገኘው ዕውቀት ነው ብሎ የሚያምን ወጣት ብዙ ነው፤ እምነቱም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በጥበቃ ሥር ወዳለ ሥፍራ፣ ለምሳሌ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ወይም ወደ ኃይል ማመንጫ ግቢ ለመግባት የጸጥታ ማረጋገጫ ካርድ የሚያመለክት ሰው አስቀድሞ የሚጠየቀው «ምን ታውቃለህ?» ተብሎ ሳይሆን «ማን ነህ?» ተብሎ ነው። መልሱም በአፍ የሚሰጥ አይደለም፤ በመታወቂያ፣ በትምህርት ማስረጃና በፖሊስ የጣት አሻራ ምርመራ ነው እንጂ።

ይህ ጥያቄ በአሶሳ ከብዙ ሥፍራ ይልቅ ይከብዳል። የበርታ ሕዝብ በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ግራና ቀኝ ይኖራል፤ ቋንቋውም የሰዎቹም ስም ይመሳሰላል። በሸርቆሌ፣ በባምባሲና በጾሬ የስደተኞች መጠለያ ተሠርቷል፤ የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህም በኩርሙክ በኩል ብዙ ሰው ገብቷል። ስለዚህ ጸጥታ አስከባሪው ጠንቅቆ ቢመረምር አይፈረድበትም። ዳሩ ግን መርማሪ የሚያነበው ልብን ሳይሆን ወረቀትን ነው። ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ ንጹሑም ሰው ተጠርጣሪ መስሎ ይታያል።

አለመስማማቱ ከየት ይመጣል? አንደኛ፣ ከፊደል ነው። በአካባቢው የተለመደው የዓረብኛ ስም በአንዱ ወረቀት «መሐመድ»፣ በሌላው «መሃመድ»፣ በሦስተኛው «ሙሐመድ» ተብሎ ይጻፋል። ጆሮ አንድ ሰው ነው ይላል፤ መዝገብ ግን ሦስት ሰው ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ ከዘመን አቆጣጠር ነው። የልደት ዘመን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲለወጥ፣ ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ ለተወለደ 7፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ 8 ዓመት ይደመራል። ሁልጊዜ 7 ብቻ የሚደምር ጸሐፊ ብዙውን ሰው በአንድ ዓመት ያስረጀዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ የጠለቀ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት መዝገብ ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን አፈጻጸሙን ወደ ፊት በሚወጣ ትእዛዝ ላይ አሳደረው። በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ዛሬ ሥራ የሚፈልገው ወጣት የተወለደው በአብዛኛው ሥፍራ መዝገብ ባልነበረበት ዘመን ነው፤ የልደቱ ምስክር የእናቱ ትዝታ ነበር። በዚህም ላይ በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በደረሰው ግጭት እጅግ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። ቤቱን ጥሎ የሚሸሽ ሰው ልጁን ይሸከማል እንጂ ወረቀቱን አያስታውስም።

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የፋይዳ መታወቂያ ለዚህ ችግር አንድ መድኃኒት ነው። ስምን፣ የልደት ቀንን፣ ጾታንና አድራሻን ከ10 ጣት አሻራ፣ ከዓይን ብሌንና ከፊት ምስል ጋር ያስተሳስራል፤ ብሔርና ሃይማኖት ከሚመዘገቡት ውስጥ የሉም። ለነዋሪ ሁሉ የሚሰጥ በመሆኑ ግን ማንነትን እንጂ ዜግነትን አያረጋግጥም። ደግሞም በተሳሳተ ፊደል የተጻፈ ስም ከአሻራ ጋር ቢታሰር፣ ስሕተቱ ይጠነክራል እንጂ አይታረምም።

ስለዚህ ተማሪው ሥራ መፈለግ ሳይጀምር ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ፊደል በፊደል፣ ቀን በቀን ያነጻጽር፤ ልዩነት ቢያገኝ ጊዜ ሳለ ያሳርም። ልጅ የወለደም በሕጉ መሠረት በ90 ቀን ውስጥ ያስመዝግብ። በጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ወጣት ሹም ደግሞ ስሙን ከመጻፉ በፊት ባለቤቱን ይጠይቅ፤ ከጻፈም በኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብለት። ለጸሐፊው የአንዲት ደቂቃ ድካም ነው፤ ለባለጉዳዩ ግን እንጀራው ነው።