ፍርድና የቀን ቍጥር

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ገበያው በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ሲቆም፣ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቈራኝተው ወደ ዳኛ ሲሄዱ በዐዲስ አበባ መንገድ ይታዩ ነበር። ይህ ቁራኛ ለዛሬ ሰው እንግዳ ቢመስልም አንድ ሚዛን ነበረው፤ ይኸውም ከፍርድ በፊት የሚጠፋውን ቀን ኹለቱም እኩል ስለሚከፍሉት፣ ነገሩን ማስረዘም ለከሳሽም አይመችም ነበር።

ዛሬ ግን ከፍርድ በፊት የሚታሰረው ተከሳሹ ብቻ ነው። ስለዚህ ሕጉ በዚህ እስር ያለፈው ጊዜ ኋላ ከሚፈረድበት ቅጣት ላይ እንዲታሰብለት አዟል።

የቅጣቱም ልክ እንዲህ ይወጣል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ቀላል እስራትን በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት፣ ጽኑ እስራትን ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት፣ አልፎም እስከ ዕድሜ ልክ አድርጎታል። ለተመሳሳይ ጥፋት የተራራቀ ፍርድ እንዳይሰጥ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አወጣ፤ በ2006 ዓ.ም.ም አሻሻለው። ዳኛው መነሻውን እርከን ይይዛል፤ ማክበጃ ቢገኝ ይወጣል፤ ጥፋትን እንደ ማመንና የተበደለውን እንደ መካስ ያለ ማቅለያ ቢገኝ ይወርዳል።

ከዚህ በኋላ አመክሮ ይመጣል። ቃሉን የገዳም ሰዎች ከእኛ በፊት ያውቁታል፤ ረድእ ሳይመነኵስ የሚፈተንበት ጊዜ ነውና። በሕጉም ፍቺው ከዚሁ አይርቅም። እስረኛው የቅጣቱን ከሦስት ኹለት እጅ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበትም 20 ዓመት ከፈጸመ፣ በሥራውና በጠባዩ መታረሙን ካሳየ፣ ዐቅሙ የፈቀደውን ያህል ከካሰ፣ ፍርድ ቤት ሊፈታው ይችላል። በፈተናው ጊዜ ዳግመኛ ቢያጠፋ ግን ወደ እስራቱ ይመለሳል።

ይቅርታና ምሕረት ሌላ ናቸው፤ ሰው ኹሉ ግን ያደባልቃቸዋል። ይቅርታ ጥፋተኝነቱን ሳይሽር ቅጣቱን ያስቀራል፤ በ2010 ዓ.ም. እንደ ታወጀው ያለ ምሕረት ግን ክሱንም ፍርዱንም ይሽራል።

እንግዲህ 9 ዓመት የተፈረደበትን ሰው እናስብ። ከሦስት ኹለት እጁ 6 ዓመት ነው። ከፍርድ በፊት 14 ወር ታስሮ ከነበረ ለአመክሮ የሚቀረው 4 ዓመት ከ10 ወር ይሆናል። የተያዘበት ቀን ሳይጻፍ ቀርቶ ቍጥሩ ከፍርዱ ቀን ቢጀመር ግን እነዚያ 14 ወራት ከዕድሜው ላይ በከንቱ ይወሰዳሉ። ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በፒያሳ አጠገብ የነበረው ማዕከላዊ የተባለው የምርመራ ቤት በ2010 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ፣ ብዙ ሰው ሳይፈረድበት ወራት ቈይቶበታል። የማረሚያ ቤት ጸሐፊ የሚቈጥረው በእጁ የደረሰውን ወረቀት ነው፤ ወረቀቱም የሚጀምረው ከጣቢያው መዝገብ ነው። በፍርዱ ግልባጭ ላይ የተያዘበትን ቀን ያጣ እስረኛ ወይም ዘመዱ፣ የመፍቻው ጊዜ እስኪደርስ ሳይጠብቅ፣ ችሎቱ እንዲያርመው በዚያው ሰሞን ያመልክት።