ሥራው ራሱ ጥናት ሲሆን፦ በተግባር ላይ የተመሠረተ የሥነ ጥበብ ዶክትሬት

አምና አንድ የማስተርስ ተማሪዬ ቢሮዬ መጥቶ፣ «ስለ ልቦለድ ከማጠና ልቦለዱን ራሱን ጽፌ ለመመረቂያ ባቀርብስ?» ሲል ጠየቀኝ። አይቻልም አልኩት። ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ግን ከደንቡ በቀር የማቀርብለት መልስ አልነበረኝም። እኔም ለዶክትሬት ጥናቴ ርእስ በመምረጥ ላይ ስለነበርኩ ጥያቄው የራሴም ሆነ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ጥያቄ አጥብቆ ከተነሣበት መስክ፣ ማለትም ከሥዕልና ከቅርጻ ቅርጽ ትምህርት ተነሥቶ ጉዳዩን ማብራራት ነው።

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1992 ፖሊቴክኒኮች ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ፣ በውስጣቸው የነበሩት የሥነ ጥበብ ክፍሎች ምርምራችሁ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ገጠማቸው። በ1993 የለንደኑ ሮያል የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ባሳተመው ጽሑፍ ክሪስቶፈር ፍሬይሊንግ ጥናትን በሦስት ከፈለው፤ ስለ ጥበብ የሚደረግ፣ በጥበብ ሥራ አማካይነት የሚደረግና ለጥበብ ሥራ የሚደረግ። የመጀመሪያው እኛ የለመድነው ታሪካዊና ሒሳዊ ጥናት ነው። በሁለተኛው፣ በስቱዲዮ የሚካሄደው ሙከራ ከነሂደቱ ተመዝግቦ ይቀርባል። በሦስተኛው ሐሳቡ በሥራው ውስጥ ስላደረ ውጤቱ ሥራው ራሱ ነው። አስቸጋሪው ይህ ሦስተኛው መሆኑን ፍሬይሊንግ ራሱ ጠቁሟል።

አሠራሩን በምሳሌ እንመልከት። አንዲት ሠዓሊ «የተቀባን ቀለም በመፋቅ መርሳትን ማሳየት ይቻላልን?» ብላ ትነሣለች እንበል። ለዓመታት ትሥላለች፣ ትፍቃለች፤ የከሸፉትን ሸራዎችና ውሳኔዎቿን በማስታወሻ ትይዛለች። በመጨረሻም ዐውደ ርእይ ታቀርባለች፤ ከተለመደው ያጠረ የጽሑፍ ማብራሪያ ታያይዛለች፤ በፈታኞች ፊት ቀርባም በቃል ትጠየቃለች። ሥዕሉ ማማሩ ብቻውን ለዲግሪ አያበቃትም። ከሥራዋ በፊት የማይታወቅ ምን ነገር ታወቀ? ሌላውስ መንገዷን ተከትሎ ሊመረምረው ይችላልን? የሚመዘነው ይህ ነው።

ተቃውሞ አልጠፋም። በአንድ በኩል፣ ሥዕል በቃላት የሚተካ ከሆነ መሣሉ ለምን አስፈለገ የሚሉ አሉ። በሌላ በኩል፣ ያለ ጽሑፍ ዕውቀቱ በምን ይመረመራል የሚሉ አሉ። በእኔ አስተያየት ማብራሪያው የሥዕሉ ትርጉም መሆን የለበትም፤ ሥዕሉ የማይናገረውን፣ ማለትም የጥያቄውንና የውሳኔውን መንገድ ማሳየት ነው ያለበት።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ መስሎ ሊታይ አይገባም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶም መወድስ ይደርሳል። ስለ ቅኔ በመናገር ብቻ ቅኔ የተቀኘ የለም፤ ሰሙንና ወርቁን መፍታት የማይችልም ዐዋቂ አይባልም። ይሁን እንጂ ልዩነት አለ። የዶክትሬት ጥናት ችሎታን ብቻ ሳይሆን አዲስ ዕውቀትን ይጠይቃል፤ ዐውደ ርእዩ ተነሥቶ ከፈረሰ በኋላም የሚቀር መዝገብ ይሻል።

ተማሪዬን በቅርቡ አገኘሁት። ደንቡ አልተለወጠም፤ መልሴ ግን ተለውጧል። «ልቦለድህ የሚመልሰው፣ ሌላ ዓይነት ጥናት ሊመልሰው የማይችለው ጥያቄ ምንድን ነው?» አልኩት። እኔ ለራሴ ይህን መመለስ ስላቃተኝ ጥናቴን በተለመደው መንገድ ጀምሬያለሁ። እሱ ግን ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ ጥያቄውን ጻፈው።