ለአንዲት ወፍ ደሴት ይገዛልን?

«ለአንዲት ትንሽ ወፍ ተብሎ ደሴት ይገዛልን?» የሚል ጥያቄ በመካከላችን ተነሥቶ ሲያከራክረን ሰንብቷል። ነገሩ ግን ተረት አይደለም፤ በሕንድ ውቅያኖስ፥ ከሲሸልስ ደሴቶች አንዷ በኾነችው በከዝን በእርግጥ ተፈጽሟል። (የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የከዝን ስፋት ከ30 ሔክታር አይበልጥም። ባለርስቶች የአገሩን ዛፍ መንጥረው ደሴቲቱን የኮኮነት እርሻ አድርገዋት ነበር። በሲሸልስ ብቻ የምትገኘው ትንሿ ዘማሪ ወፍ የምትመገበው ከቅጠል ላይ ነፍሳት እየለቀመች ስለ ኾነ፥ የዛፉ መመንጠር ገበታዋን አጠፋባት። በሌሎቹ ደሴቶችም ሰው ያስገባቸው አይጥና ድመት ፈጇት። ስለዚህ በ1960ዎቹ በዓለም ላይ የቀሩት 30 እንኳ አይሞሉም ነበር፤ እነርሱም በከዝን ብቻ።

በ1968 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የአእዋፍ ጥበቃ ማኅበር ደሴቲቱን ገዛ። የሥራው ዘዴ ቀላል ነበር፤ ይኸውም የኮኮነቱን ችግኝ እየነቀሉ የአገሩ ዛፍ እንዲመለስ መተው ነው። ዛፉ ሲመለስ ነፍሳቱ፥ ነፍሳቱ ሲበዙ ወፏ ተመለሰች፤ በ1980ዎቹ ቍጥሯ ከ300 በላይ ደረሰ።

ከዚህ በኋላ ቦታ ጠበበ። ለአካለ መጠን የደረሱ ሴቶች ልጆች የሚይዙት መሬት ስላጡ፥ ከወላጆቻቸው ጋር ቀርተው ታናናሾቻቸውን ይመግቡ ጀመር። በ1988 ዓ.ም. 29 ወፎች ወደ አሪድ ደሴት ተወሰዱ፤ በዚያ የተፈለፈሉት ልጆችም ባዶ መሬት ስላገኙ ወዲያው የራሳቸውን ጎጆ ቀለሱ። ቀጥሎም ወደ ኩዚን (1990)፥ ወደ ዴኒስ (2004)ና ወደ ፍሬጌት (2011) ተላኩ። ምክንያቱም ዘሩ ሁሉ በአንድ ደሴት ከተከማቸ፥ አንድ ቃጠሎ ወይም አንድ የአይጥ መንጋ ሊጨርሰው ይችላል። ዛሬ በአምስቱ ደሴቶች ወደ 3000 ገደማ ይገኛሉ።

ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ከዝንን የሚጠብቀው ኔቸር ሲሸልስ የተባለ የአገሩ ማኅበር ነው። የጐብኝ ጀልባ ከዳርቻው አይደርስም፤ አይጥ እንዳይገባ ጐብኚውን የሚያሻግሩት ጠባቂዎቹ በራሳቸው ጀልባ ነው። ስለ ቅርፊቷ ስትታደን የኖረችው የባሕር ዔሊም በዚያው አሸዋ ላይ ያለ ስጋት እንቍላሏን ትጥላለች።

«ታዲያ ትርፉ ምንድን ነው?» ለሚሉን ጓደኞቻችን መልሳችን ይህ ነው። ጐብኚው የሚከፍለው ገንዘብ ለጥበቃው ወጪ ይውላል። ደግሞም የኮኮነት ዛፍ ዛሬም በብዙ አገር ይበቅላል፤ ያች ወፍ ግን ያን ጊዜ ጠፍታ ቢኾን በምን ገንዘብ ትመለስ ነበር?